እጁ ብረቱን እስኪነካ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ሕልምም አይደለም።

ለልጄ ስነግራት "እማዬ፣ እንቅልፍ አጥተሽ ነው" አለችኝ። ለቄሱ ስነግረው ጸልዪ ብሎ ሸኘኝ። እናንተ ደግሞ የፈለጋችሁትን በሉ፤ እኔ የሆነውን ልጻፈው።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ቀን... ግን ጉም።

ቦታው ካሌታ ሴካ የሚባል ባሕር ዳር ነው። ከአስፋልቱ ተገንጥላችሁ ሃያ ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ትነዳላችሁ። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ ነፋስ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ከእኛ ሌላ መኪና አልነበረም። ይህን ያዙልኝ... ከእኛ ሌላ ማንም አልነበረም።

ኔሊዳ እባላለሁ። ባለቤቴ ኦስማር ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶብስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ፣ ያረጀውን አውቶብስ ሊጥሉት ሲሉ እሱ ወሰደው። ከሾፌሩና አጠገቡ ካለው በቀር ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ በርሜል ገጠመበት። ቤታችንን አከራይተን፣ ባሕሩን በግራችን አድርገን ወደ ደቡብ ጉዞ ጀመርን።

"ሰው በጡረታው የልጅ ልጅ ያቅፋል፣ አንተ መሪ ታቅፋለህ" እለው ነበር።

"መሪው አይነዘንዝም፣ አሮጊት" ይለኛል።

ማደሪያ አንከፍልም። ነዳጅ ማደያ ጓሮ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚቆሙበት ሜዳ፣ የተገኘበት እናድራለን። ከምንበላው ግማሹ ከባሕር ነው። በእኛ አገር ባሕሩ በየቀኑ ሸሽቶ ይመለሳል፤ ሲሸሽ ዓይን እስከሚያየው ድረስ ዐለት ያወጣል። በዐለቱ ጉድጓዶች ውስጥ ኦክቶፐስ የሚባል ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ይደበቃል። ኦስማር ጫፉ የተቆለመመ ረጅም ብረት ይዞ እየጎተተ ያወጣቸዋል፣ እኔ ከሩዝ ጋር እሠራቸዋለሁ።

ይህ ሥራ ሕግ አለው። ሁለት ሰው ካልሆነ ማንም ወደ ዐለቱ አይወርድም። አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ መኪናው ውስጥ መሪው ጋ ይቀመጣል። ታች ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ጉድጓድ ጉድጓዱን ሲያይ ባሕሩ መመለሱን አያውቅም። ውሃው ደግሞ ከፊት አይመጣም። ከኋላ ዞሮ መመለሻ ይዘጋል። ስለዚህ ላይ ያለው ሰዓቱን ጠብቆ ክላክስ ይጫናል። ተጭኖ ቆም... ተጭኖ ቆም። ታች ያለው ባልዲውን በብረቱ እየመታ ሰምቻለሁ ይላል። ጉም ከሆነ መንገድ የሚባለው ክላክሱ ብቻ ነው።

ይህን ያስተማሩን ዶን ሴሌስቲኖ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኦክቶፐስ ሲያወጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ባልዲውን ብትሰሚ አታቁሚ" አሉኝ። "ድምፁን ብትሰሚ አታቁሚ። መልኩን ብታዪ እንኳ አታቁሚ። እጁ የመኪናውን ብረት ሲነካ፣ ያኔ ብቻ እጅሽን አንሺ።"

ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። የያዙትን ኦክቶፐስ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

"አባቴ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ" አሉ።

ኦስማር በሽማግሌው ወግ ሲስቅ ከረመ። ግን ያደርገው ነበር። ከዐለቱ በወጣ ቁጥር የአውቶብሱን ጎን በመዳፉ መትቶ "ደረስኩ" ሳይል ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ያን ቀን በስምንት ሰዓት ወረደ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ምስር እየለቀምኩ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ምድጃው ሲጨስብኝ በሩን ከፈትኩ። የተማሪ አውቶብስ በር ከሾፌሩ ጎን ባለ እጀታ ነው የሚከፈተው፤ ሳትነሱ መጎተት ነው። ከፈትኩትና ረሳሁት።

ስህተቴ ይህች ናት። በር መክፈት... እንዲህ ትንሽ ነገር።

ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ መጣ። መጀመሪያ ዐለቱን ሸፈነ፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያ የመስታወቱን መጥረጊያ እንኳ ማየት አቃተኝ።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ውሃው የሚዞርበት ሰዓት ደረሰ። ክላክሱን ተጫንኩ።

ኳ... ኳ...

ባልዲው መለሰልኝ። ከፊት ለፊት፣ ራቅ ብሎ። ደህና ነው አልኩ።

እንደገና ተጫንኩ።

ኳ... ኳ...

ትንሽ ቀረብ ብሏል።

ሦስተኛ ተጫንኩ። መልስ የለም።

አራተኛ። መልስ የለም።

ከዚያ ጠጠሩ ላይ እርምጃ ሰማሁ። ቅርብ ነው። ኦስማር የግራ ጉልበቱ ይታመማል፤ ሲራመድ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል ነው። ይህ እርምጃ ግን እኩል ነበር... እኩል፣ እኩል፣ እኩል።

በተከፈተው በር ገባ። ሦስቱን ደረጃዎች ወጣ። የበሩን መደገፊያ አልያዘም፣ ምንም አልነካም።

ኦስማር ነው። ሹራቡ የእሱ ነው፣ ፊቱም የእሱ ነው።

"ተይው" አለኝ በሹክሹክታ። "በቃ። መጥቻለሁ።"

እጄን ከክላክሱ ላይ አነሳሁ።

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባልዲ አልያዘም፣ ብረቱንም አልያዘም። ባልዲው የት አለ አልኩት። ተውኩት አለኝ። ኦስማር ማለት እኮ የረሳትን ማንኪያ ፍለጋ አርባ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ነው።

ቦት ጫማውን አየሁ። ደረቅ ነው።

"ንጂው" አለኝ።

እኔ? ኦስማር መሪውን ለሰው ከሚሰጥ ጥርሱን ነቅሎ ቢሰጥ ይቀለው ነበር።

ያኔ ሰማሁት።

ኳ... ኳ...

ከባሕሩ በኩል።

"ኦስማር" አልኩ። "እዚያ ታች ሰው አለ።"

"ማንም የለም።"

"ባልዲ ይመታል።"

"ማንም የለም፣ ኔሊዳ።"

ስሜን ጠራኝ። አርባ ዓመት አሮጊት እንጂ ኔሊዳ ብሎኝ አያውቅም፤ ስንጋባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ያኔም አሮጊት ነበር የሚለኝ።

ኳ ኳ ኳ። ፈጠን አለ። ክላክሱ ስለጠፋበት የት ነሽ እያለኝ ነው። ገብቶኛል። የገባኝን አልገባኝም ብዬ አልዋሽም።

እጄ ክላክሱ አጠገብ ነበር። አንድ ጣት መጫን ነው። ግን ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ለባሏ ክላክስ የምትጫን ሴት አለች? ደግሞ ፈራሁ። ብጫንና ያ ሌላው ደግሞ ቢመጣስ? ሁለቱንም ባያቸውስ? የሰውነቴ ሙቀት ከእግሬ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማኝና ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማኝም።

ሞተሩን አስነሳሁ።

የሞተሩ ድምፅ ባልዲውን ዋጠው። ሃያ ኪሎ ሜትር ነዳሁ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ፀሐይ ነበር።

ለፖሊስ ለምን አልተናገርሽም ትሉ ይሆናል። ምን ብዬ? ባሌ ጠፋ ልበል? ባሌ አጠገቤ ተቀምጧል።

ስምንት ወር አብሬው ኖርኩ።

ክፉ አልነበረም። ይህን መናገር አለብኝ። አይቆጣም፣ አያኮርፍም፣ ሌሊት አያንኮራፋም። ኦስማር በጠዋት ሲነሳ ሲጋራው ያወረሰው ሳል አውቶብሱን ያናጋው ነበር፤ ይሄኛው አንድ ቀን አልሳለም። ልጃችን ሲልቪና በስልክ አናግራው "አባዬን ምን አጠጣሽው? እንዴት ጨዋ ሆነ" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ብረት ግን አይነካም። ማንኪያውን ተወው፤ የእንጨቱን ጭልፋ ሰጠሁት፣ በእሱ ይበላል። በር አይከፍትም። መውጣት ሲፈልግ በሩ ፊት ቆሞ እኔ እጀታውን እስክጎትት ይጠብቃል። አንድ ሰዓትም ቢሆን ይጠብቃል። ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ይቀመጣል። ስንት ሰዓት እንደሚሸሽ የምትናገረውን ወረቀት አይቶ አያውቅም፣ ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም።

አላለቀስኩም። ማታ ምስር እቀቅላለሁ፣ ጠዋት ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻዬን በሙቅ ውሃ እሞላለሁ፣ እነዳለሁ። አንድ ጊዜ ትኩስ ማንቆርቆሪያ በባዶ እጄ አንስቼ መዳፌ ሲላጥ ቆሜ አየሁት። አልጠዘጠዘኝም። ሰው ሲደነዝዝ እንዲህ ነው፤ የሞተ ጥርስ ያለው ሰው በዚያ በኩል እንደሚያኝክ ዝም ብዬ ኖርኩ።

በሚያዝያ ወር ከካሌታ ሴካ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀን ሌላ ባሕር ዳር ቆምን። ነጭ የመኪና ቤት ያላቸው ባልና ሚስት እዚያ ቀድመውን ነበር። ሚርታና ኤልቢዮ ይባላሉ። በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ጨዋታ የሚያሳምሩ ሰዎች ናቸው። ሚርታ በስብ የተጠበሰ ሊጥ በሳህን ይዛልኝ መጣች።

"ይሄ ሰውዬ ለኦክቶፐስ ያለውን ትዕግሥት ለእናቴ ቢኖረው" አለችኝ ባሏን እያሳየች።

"ኦክቶፐስ እኮ ምክር አይሰጥም" አላት ኤልቢዮ። ራሱ ላይ ቀይ የሱፍ ኮፍያ አለ፣ ሁልጊዜ ያፏጫል። ባልዲ መምታት አልወድም፣ ስትጠራኝ በፉጨት ነው የምመልስላት አለኝ።

ክላክሱን ታውቀዋለች ማለት ነው። የእጁን ነገርስ ታውቅ ይሆን? ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ኦስማር መስሎ የመጣው ግን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር... ሚርታን ያያታል። ከስምንት ወር ወዲህ እንደዚያ አተኩሮ ያየው ሰው የለም።

ሳህኑን ተቀበልኳት እንጂ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ኤልቢዮ ወረደ። አራት ሰዓት ላይ ጉሙ መጣ። የሚርታ መኪና ከእኛ መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ጉሙ ዋጠው።

ክላክሷ ጮኸ።

እሱ ጭልፋውን አስቀመጠና ተነሳ። ሄዶ በሩ ፊት ቆመ።

ከባሕሩ ፉጨት ተሰማ። ኤልቢዮ ነው፣ በሩቁ።

ሁለተኛ ጮኸ።

"ክፈቺልኝ" አለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው።

በስምንት ወር ውስጥ የለመነኝ ይህን ብቻ ነው። የት እንደሚሄድ አውቄዋለሁ። አላወቅኩም አልልም። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ከቤቴ እንዲወጣ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ እንዲሆንና ባሌ እንደሌለ ቁርጡን እንዳውቅ።

እጀታውን ጎተትኩ። በሩ ተከፈተ።

ሦስቱን ደረጃዎች ወረደ። እርምጃው ጠጠሩ ላይ ራቀ... እኩል፣ እኩል፣ እኩል።

የሚርታ ክላክስ አንድ ጊዜ ጮኸ። ሌላ ጊዜ ጮኸ።

ከዚያ ቆመ።

ጠበቅኩ። ምስኪን ሴት፣ እጇን አንስታለች።

ሞተር ተነሳ። መብራቱ ጉሙን እየገፋ በአጠገቤ አለፈ፣ በጣም ቀርቦ። ሚርታ መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች። አጠገቧ ኤልቢዮ ተቀምጧል፤ ቀይ ኮፍያ አድርጓል፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፣ ፊት ለፊት ያያል። ሲያልፉ አንገቱን ወደ እኔ አላዞረም።

የኋላው መብራት ጠፋ።

ከባሕሩ ፉጨት መጣ።

አጭር ናት። ቀጥላ ሌላ፣ ረዘም ያለች። ክላክስ የጠፋባት ፉጨት። የት ነሽ የምትል።

ያኔ ጣቶቼ ተሰሙኝ። ቀዘቀዙኝ። ማንቆርቆሪያው የላጠው መዳፌ ዛሬ የተቃጠለ ይመስል አቃጠለኝ። ዘልዬ መሪው ጋ ተቀመጥኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ክላክሱን ተጫንኩ።

ተጫንኩ... ቆምኩ። ተጫንኩ... ቆምኩ።

ፉጨቱ ወደ ግራ ሄደ። ተሳስቷል፣ ወደ ጥልቁ እየሄደ ነው። ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ ንፍጤን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ተጫንኩ።

ፉጨቱ ዞረ።

ቀረበ።

ጠፋ። ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። እንደገና አፏጨ፣ ቅርብ ነው፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። እርምጃው ሰው የደከመው እርምጃ ነው፤ ይወድቃል፣ ይነሳል።

ክላክሱን አልለቀቅኩም።

ከዚያ የአውቶብሱን ጎን እጅ መታው። በቀኝ በኩል፣ በሩ አጠገብ። ብረቱ ጮኸ።

በሩን ከፈትኩ። ኤልቢዮ ተንከባሎ ገባ። እስከ ደረቱ ርሷል፣ ኮፍያው የለም፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። የበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ሳመው እንኳ መሰለኝ።

"ሚርታስ?" አለኝ። "መኪናዬ የት አለ? ያቺ ሴት ጥላኝ የት ሄደች?"

በሩን ዘጋሁ። ብርድ ልብስ ወረወርኩለት። በአንድ እጄ ነው፤ ሌላው ክላክሱ ላይ ነው።

ተጫንኩ... ቆምኩ።

"በቃ፣ ዶኛ ኔሊዳ" አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "መጥቻለሁ እኮ። ይተዉት።"

አልተውኩትም። ስምንት ወር ያልጫንኩትን ተጫንኩት። ካሌታ ሴካ ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ። ባሕሩ ግን አንድ ነው።

ውሃው ዐለቱን ሸፍኖ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ይሰማኛል።

ተጫንኩ... ቆምኩ።

በግራ በኩል፣ በባሕሩ በኩል፣ ብረቱን እጅ ነካው።

አልመታውም። በቀስታ ነው የነካው፣ ከመስኮቱ በታች፣ ዝቅ ብሎ።

"ኦስማር?" አልኩ በሹክሹክታ።

ከዚያ እጅ ጎን ሌላ እጅ ነካ። ከዚያ ወደ ኋላ ጎማው አካባቢ ሌላ።

ኤልቢዮ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ተነሳ። በእጅጌው የመስኮቱን እንፋሎት ጠረገና ወደ ውጭ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ዞር ሳይል፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

"ዶኛ ኔሊዳ... ስንት ሰው ነው የጠሩት?"